«ቅደሚ» የተባባልንበት የቀዘፋ ውድድር

ለቅዳሜ አጥቢያ ያየሁትን ሕልም ልንገራችሁ። ሕልም እንደ ፈቺው ነው ይባላል፤ እባካችሁ ፈቺ አትላኩብኝ። የሰፈራችን ሕልም ፈቺ እትዬ ማንጠግቦሽ ዓሣ ያየውንም፣ እሳት ያየውንም፣ ምንም ሳያይ ያደረውንም «ሲሳይ ነው» ብለው ነው የሚሸኙት። እኔ የምፈልገው እንዲፈታልኝ ሳይሆን እንዲሰማልኝ ነው።

ከሕልሙ በፊት የነበረውን ግን በአጭሩ ልንገራችሁ፤ አለዚያ ግራ ትጋባላችሁ፣ ግራ መጋባቱን ደግሞ ለራሴ ነው የምፈልገው። ስሜ ትርንጎ ነው። የዘጌ ልጅ ነኝ። ከዘጌ ባሕር ዳር እንጨት በታንኳ እየጫንኩ፣ ጣናን እየቀዘፍኩ ነው ያደግኩት። የዛሬ ሦስት ዓመት አንድ መጋዘን ውስጥ በሸራ ተሸፍኖ አቧራ የሚጠጣ ቀጭን የውድድር ጀልባ አገኘሁ። እንዴት እንደሚቀዘፍ የሚያውቅ ሰው በአካባቢው አልነበረም። ቢኖርም አልጠይቅም ነበር። በስልኬ ቪዲዮ እያየሁ፣ ቋንቋው ስለማይገባኝ ድምፁን ዘግቼ፣ ራሴን በራሴ አስተማርኩ። አሰልጣኝ የለሽም ወይ ለሚለኝ፣ አለኝ። አቶ ዘርጋው ይባላሉ። የቀዘፋ ማኅበራችን ቡድን መሪም አሰልጣኝም እሳቸው ናቸው። ውሃ የሚያውቁት በብርጭቆ ነው። እኔ ስቀዝፍ ከዳር ዋርካ ተደግፈው ሰዓት ይይዛሉ፤ ማዕበሉ ጫማቸው አጠገብ ከደረሰ ደግሞ ሰዓቱንም ይተዉታል።

በዚህ ክረምት የዓለም ታዳጊዎች የቀዘፋ ውድድር ባሕር ማዶ ይካሄዳል። ተመዝግቤያለሁ። ታዳጊ የሚባለው እስከ አሥራ ስምንት ዓመት ነው፤ እኔ አሥራ ስምንቴን ይዣለሁ። ዘንድሮ ካልቀዘፍኩ ለከርሞ «አዋቂ» እባላለሁ፣ በሩም ይዘጋል። ዓርብ ማታ ሻንጣዬን አሰናድቼ፣ የቪዛውን መልስ እየጠበቅሁ ነው ጋደም ያልኩት።

ታዲያ በሕልሜ እናቴን አዝዬ ነበር።

በአንቀልባ። እግሯ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረውም። ዙሪያዬን ሳይ የየአገሩ ቀዛፊ ሁሉ እናቱን አዝሏል። አንዱ ጠይም ልጅ እናቱ አልቅሳበት እሹሩሩ ይላል። ከፊቴ የቆመችው ከኖርዌይ የመጣች ሔልጋ የምትባል፣ ትከሻዋ የበር መቃን የሚያህል ልጅ ናት። የእናቷን አፍንጫ እየጠረገች «አይዞሽ እማዬ፣ ውድድሩ ሲያልቅ ቤት እንሄዳለን» ትላታለች። በጥርት ያለ የጎጃም አማርኛ። የት እንደተማረችው ልጠይቃት አሰብኩና ተውኩት። እኔ አልጠይቅም።

«ቀስ በይ እንጂ፣ አታንገጫግጪኝ» አለች እናቴ ከጀርባዬ።

«ያዘልኩሽ እኔ፣ የምታዥኝ አንቺ!»

«አሥራ ስምንት ዓመት ተሸክሜሻለሁ። አንድ ቀን ብትሸከሚኝ ወገብሽ ይቀነጠሳል?»

መልስ ነበረኝ፤ ግን ዓይኔ ሌላ ነገር ፈለገ። ባንዲራ አለ፣ ድንኳን አለ፣ ጀልባ አለ። ሐይቅ የለም። የቆምንበት ደረቅ ሜዳ ነው። ሜዳው ላይ ወንበር ተደርድሮ ዓሦች ተቀምጠዋል። ቆሮሶው ከነሚስቱ ጥላ ዘርግቷል፤ አምባዛው ጢሙን አበጥሯል። ሰዎቹ ደግሞ ከየወንበሩ ሥር በባልዲ ውስጥ እስከ አንገታቸው ተነክረው ዓይናቸውን ያንከራትታሉ። አንዲት ዓሣ በባልዲዋ ውስጥ በተነከረ ከረባታም ሰውዬ ላይ ውሃ እያርከፈከፈች ለጎረቤቷ «ለልጆቼ ማጫወቻ ነው፣ እንዳይሞትብኝ» አለቻት። ሰውዬውም ራሱን ነቀነቀ።

ቀዛፊ ያለ ሐይቅ ምን ሊያደርግ እንደመጣ ሊገባኝ አልቻለም። ሌሎቹ ግን ምንም እንዳልጎደለ ተሰልፈዋል። እኔም እንደሚያውቅ ሰው ተሰለፍኩ።

ሰልፉ የሚያልቀው አንድ ድንኳን ውስጥ ነው። በሩ ላይ «የታዳጊነት ማረጋገጫ» ይላል። ውስጥ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ያደረገች አህያ ጠረጴዛ ይዛ ተቀምጣለች።

«አፍሽን ክፈቺ» አለችኝ።

«አንቺ አህያ፣ እኔ ላንቺ ብዬ...»

«እርስዎ በይኝ። ወንበር ላይ ነኝ።»

«እርስዎ አህያ» አልኩ።

«ዕድሜዬን ሙሉ የእናንተ ሰው ገበያ መሐል ከንፈሬን እየገለበጠ ዕድሜዬን በጥርሴ ሲገምት ኖሯል። በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት አፌን ስከፍት አላፈርኩም። ክፈቺ ብያለሁ።»

ከፈትኩ። በኮቴዋ ከንፈሬን ገለጥ አድርጋ ተመለከተች። ከላይ ቆጠረች፣ ከታች ቆጠረች፣ ወደ ኋላም ጎንበስ ብላ አየች። «ሃያ ስምንት። የወተት ጥርስ አንድም የለም» አለችና ራሷን ነቀነቀች። «አርጅተሻል። ቀጣይ!»

ቀጣዩ ጋቢ የለበሱ፣ ጭራ የያዙ ሽማግሌ ናቸው። አባባ ደምለው ይባላሉ፤ ስማቸው ደረታቸው ላይ ተለጥፏል። ዘጠና ዓመት ቢያንሳቸው ነው። እናታቸውን ሳይሆን የእናታቸውን ፎቶ ነው ያዘሉት፤ በአንቀልባ፣ ከነፍሬሙ። አፋቸውን ሲከፍቱ ሁለት ጥርስ ብቻ ብቅ አለ።

«ሁለት!» አለች አህያዋ ፊቷ በርቶ። «ገና እያበቀለ ነው። ታዳጊ!»

«ሦስተኛው ሊወጣ ነው መሰለኝ ያሳክከኛል» አሉ አባባ ደምለው። አህያዋ ግንባራቸውን በኮቴዋ መታችላቸው። ማኅተም ማለት እሱ ነው። ጋቢያቸውን ሰብስበው እየፈነጠዙ ሮጡ።

«እሳቸው እኮ ቢያንስ ዘጠና...»

«ያየሁት ጥርስሽን ነው፤ አፍሽን አይደለም» አለችኝ።

«አሥራ ስምንት ዓመቴ ነው! ወረቀት አለኝ!» የልደት ምስክር ወረቀቴን ከደረቴ አውጥቼ ዘረጋሁ። አህያዋ አየችው፣ አሸተተችው፣ በላችው።

«ጨው ያንሰዋል» አለች እያመነዠከች።

ይቺ ወረቀት ከቀበሌ እስክትወጣ ስንት ቀን እንደተመላለስኩ የማውቀው እኔ ነኝ። ከድንኳኑ ውጭ ፊሽካ ሲነፋ ተሰማኝ። ውድድሩ ሊጀመር ነው፤ እኔ ገና አሮጊት ነኝ።

አህያዋን አሳዘንኳት መሰለኝ መነጽሯን አስተካከለች። «አንድ መንገድ ይቀርሻል። ልጅ ማለት የሚጠይቅ ነው። የማታውቂውን አንድ ነገር ጠይቂኝና አስገባሻለሁ።»

ሳቅሁ። «እኔ ጠይቄ አላውቅም። የማውቀውን ሁሉ በራሴ ነው ያወቅሁት።»

«እንግዲያው አሮጊት ነሽ። መቋሚያ ስጧት!»

ሁለት በጎች መቋሚያ አምጥተው አስያዙኝ። ጉልበቴን ወዲያው ቆረጠመኝ። የእጄ ቆዳ እንደ ደረቀ ቆዳ ምንጣፍ ተጨማደደ። ከጀርባዬ ደግሞ እናቴ ቀለለችኝ። ድምፅዋም ቀጠነ። እኔ ባረጀሁ ቁጥር እሷ ልጅ እየሆነች ነው።

«ጠይቂያት!» አለች በቀጭን ድምፅ። «ወይኔ ልጄ፣ ምን ያለ አንገት ነው የሰጠሁሽ! ጠይቂያት!»

ፊሽካው ለሁለተኛ ጊዜ ተነፋ። ጥያቄውን አፌ ውስጥ እንደ ጥሬ ሽምብራ ቆረጠምኩት። መዋጥም መትፋትም አቃተኝ። ለሦስተኛ ጊዜ ሊነፋ ትንፋሽ ሲሳብ ሰማሁ።

«ሐይቁ... ሐይቁ የት ነው ያለው?» አልኩ። ድምፄ የሦስት ዓመት ልጅ ድምፅ ሆኖ ወጣ።

አህያዋ መነጽሯን አወለቀች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «የኔ እናት፣ እሱን እኔም አላውቅም» አለችኝና ግንባሬን ረገጠችው።

ከድንኳኑ ስወጣ እጄ ለስላሳ ነው፣ ጉልበቴም ደህና ነው። ግንባሬ ግን አብጧል። «ሐይቁ መጣ! መንገድ ልቀቁ!» የሚል ጩኸት ሰማሁ። አርባ ወዛደር ሐይቁን እንደ ምንጣፍ ጠቅልለው በትከሻቸው ተሸክመው መጡ። ወገባቸው ጎብጧል፣ ልብሳቸው ርሷል። ሲዘረጉት ከመሐሉ አንዲት ደሴት ተንከባልላ ወደቀች። አንዱ ወዛደር አንሥቶ አቧራዋን አራገፈና «ይቺ የማን ናት?» አለ። ማንም አልመለሰም። ኪሱ ከተታት።

ሐይቁን ግን ገልብጠው ነው ያነጠፉት። ጭቃው ከላይ፣ ሰማዩ ከሥር።

«በግልባጩ ነው!» ብዬ ጮህኩ።

«ዝም በይ» አለኝ ወዛደሩ። «እንዲህ ሲሆን አያፈስም።»

አያፈስም፤ እውነቱን ነው።

ጀልባዎቹ ደግሞ ዳር ላይ ተደርድረው ቀዛፊ ያማርጣሉ። ማንም ጀልባ የሚመርጥ የለም። አንዱ ጀልባ የሔልጋን ክንድ ጨበጥ ጨበጥ አድርጎ «ይቺን ጠቅልሉልኝ» አለ። በአባባ ደምለው ሦስት ጀልባ ተሻማባቸው። ለእኔ የቀረችልኝ አንዲት ነጭ ቀጭን ጀልባ ናት። ዙሪያዬን ዞረችና ከንፈሯን መጠጠች።

«ታንኳ የለመደች ናት» አለች ለጓደኞቿ፣ እኔ የሌለሁ ይመስል። «እንጨት ስትጭን የነበረች። ምን ላድርግ፣ ዘግይቼ መጣሁ።»

«አንቺም ከመጋዘን ነው የወጣሽው፣ አትኩሪ» አልኳት። ይሄን ስትሰማ ጎኗን ሰጥታ አስገባችኝ። መቼም ከሁሉ በፊት ምላስ ያግባባል።

እናቴን ከጀርባዬ ሳላወርድ ተቀመጥኩ። እግሬን ሳስር ከውሃው ውስጥ አንድ ሰው ብቅ አለ። አቶ ዘርጋው ናቸው! ሦስት የዋና ጃኬት ደራርበው ለብሰዋል፤ ከአፋቸው ውሃ እንደ ቧንቧ ይፈልቃል፤ ደስ ብሏቸው ይንቦጫረቃሉ።

«ጋሽ ዘርጋው! ውሃ ውስጥ ምን ይሠራሉ?» አልኩ። አንዴ ጠይቄ የለ፣ አፌ ተከፍቷል።

«እዚህ ነው የምኖረው፣ ልጄ። የብስ እፈራለሁ። መሬት ስረግጥ ያዞረኛል» አሉኝ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ተጠግተው በሹክሹክታ «ስሚ፣ የአሰልጣኝ ምክር አለኝ። ዛሬ የሚያሸንፈው መጨረሻ የደረሰ ነው። ስለዚህ አደራ፣ እንዳትቀዝፊ» አሉ።

«ታዲያ ለምን መጣን?»

«ለመሳተፍ ነዋ!» አሉና ጠለቁ።

ስድስት ጀልባ በስድስት ተራ ተደረደርን። አስጀማሪው ጉማሬ ነው። ኮት ለብሷል፤ ቁልፉ አልዘጋለትም። ባንዲራውን ሊያወርድ ሲል ዓይኑ እኔ ላይ ቀረ።

«ተራ አራት! ፊትሽን ወዴት ነው ያዞርሽው?»

ለማያውቅ ልንገረው። በታንኳ ሰው ፊቱን ወደሚሄድበት አዙሮ ነው የሚቀዝፈው። በውድድር ጀልባ ግን ለመድረሻው ጀርባህን ሰጥተህ ትቀመጣለህ፤ የምታየው የተነሣህበትን ነው። ይህን ለመልመድ ሦስት ወር ፈጅቶብኛል። አሥር ዓመት ታንኳ የቀዘፈ ሰው ነው እንዲህ የሚሳሳተው፤ ሌላው ምኑን አውቆት ይሳሳታል! በሕልሜም ሰውነቴ ረሳውና እንደ ዘጌዬ ፊቴን ወደፊት አድርጌ ቁጭ ብያለሁ።

«ወደምሄድበት ነው ያዞርኩት» አልኩ።

ዓሦቹ በአንድ ድምፅ «ውይ!» አሉ። አንዷ የልጆቿን ዓይን በክንፏ ሸፈነች።

«ወደሚሄዱበት ማየት!» አለ ጉማሬው። «በገዛ እናትሽ ፊት!»

እናቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። «እኔ አላስተማርኳትም» አለች። «ይቺን ማንም አላስተማራትም።»

ለመዞር ተነሣሁ፤ ጀልባዋ ተንገዳገደች። ጉማሬው «ተዪው፣ ትገለብጭናለሽ። እሷ ካልዞረች መድረሻው ይዙር!» አለ። ወዛደሮቹ ሮጠው መድረሻውን ከፊቴ ነቅለው ከጀርባዬ ተከሉት። ሌሎቹ አምስት ቀዛፊዎች እያጉረመረሙ ዞሩ። አሁን ሁላችንም ጀርባችን ለመድረሻው ሆነ። ትክክል ሆንኩ ማለት ነው። ግን ከየት መጥቼ ወዴት እንደምሄድ ጨርሶ ጠፋኝ። መድረሻው ከመዞሩ በፊት ትክክል ነበርኩ፣ ወይስ እነሱ ሳይዞሩ ተሳስተው ነበር? ልጠይቅ ስል ባንዲራው ወረደ።

ማንም ንቅንቅ አላለም።

አንዲት ዳክዬ በድምፅ ማጉያ «ውድ ተመልካቾቻችን፣ አስደናቂ ፉክክር ነው! እስካሁን ማንም ስንዝር አልተንቀሳቀሰም!» አለች። ዓሦቹ በጭብጨባ ቀለጡ።

«በይ ቅደሚ፣ እኅቴ» አለችኝ ሔልጋ ከተራ አምስት።

ከተራ ሦስት አባባ ደምለው ጣልቃ ገቡ። «ኧረ በእግዜር! አንቺ ቅደሚ ልጄ፣ እንግዳ ነሽ።»

«እርስዎ ታላቅ ነዎት፣ አባባ።»

«ታዳጊ ነኝ! ማኅተሜ ይኸው!» ግንባራቸውን አሳዩ።

«ታዳጊ ከሆኑ ታናሽ ነዎት፤ ታናሽ ደግሞ መንገድ ይጠርጋል፣ ይቅደሙ።»

«አፈር ስሆን!»

«በሞቴ!»

«ሞቴን ካልጠላሽ ቅደሚ!»

መጀመሪያ ደስ አለኝ። ይሄማ የእኛ ስፖርት ነው! በር ላይ «ይግቡ፣ ኧረ እርስዎ ይግቡ» ሲባባል ሠርጉ የሚያልቅበት አገር ልጅ ነኝ። ኖርዌይ በምን አቅሟ ትገጥመናለች? ሜዳሊያው አንገቴ ላይ ሲቀዘቅዘኝ ተሰማኝ። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። እኔ በሕይወቴ ለማንም «ቅደም» ብዬ አላውቅም። ቧንቧ ላይ ቀድሜ ነው፣ ባጃጅ ላይ ቀድሜ ነው፣ ጠበል ላይ እንኳ ቄሱ «ይቺ ልጅ» እስኪሉ ቀድሜ ነው።

«በያት እንጂ!» አለች እናቴ ጀርባዬን እየጎሰመች። «ሦስት ፊደል ናት። ምን ይጎድልብሻል?»

«ቅ...» አልኩ። ወደ ሔልጋ ዞርኩ። «ቅ... ቅ... ቅራቅንቦ!» አልኳት።

ሔልጋ ጎንበስ ብላ እጅ ነሣች። «እግዜር ይስጥልኝ። አንቺ ቅደሚ።»

ይቺን ልጅ ማን አሳደጋት? ስድቤ በሰው ላይ እንዲህ ሳያርፍ ሲመለስ አይቼ አላውቅም። ደገምኳት። «የበር መቃን!» ብላት «ለመቃኑም ለበሩም አንቺ ቅደሚ» አለችኝ። ዳክዬዋ «ታላቅ መከላከል!» አለች። ጉማሬው አዛጋ፤ የአፉ ስፋት ድንኳኑን ሁሉ አጨለመው።

በመጨረሻ ሔልጋ መቅዘፊያዋን አስቀመጠች። ዓይኗን በእኔ ላይ ተክላ፣ እንባዋ እየወረደ፣ «አባቴ ይሙት ቅደሚ!» አለች።

አባት ተጠርቶ እንቢ አይባልም። አባባ ደምለው ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው «ቅደሚ ልጄ» አሉ። የተራ አንድ ልጅ «ቅደሚ» አለ። የተራ ሁለት፣ የተራ ስድስት ቀጠሉ። ከዚያ ዓሦቹ ተነሡ። «ቅደሚ! ቅደሚ! ቅደሚ!» በባልዲው ያሉት ሰዎች ሳይቀሩ ውሃ እየተጉመጠመጡ «ቅደሚ!» አሉ።

ወጥመድ እንደሆነ አውቃለሁ። ከቀደምኩ ተሸነፍኩ። ግን ይህን ቃል ዕድሜዬን ሙሉ ማን ብሎኝ ያውቃል? እኔ የማውቀው «አንቺ ቆይ» ነው። ወንዶቹ ይጨርሱ፣ ቆይ። ታላላቆቹ ይናገሩ፣ ቆይ። ማኅበሩ ተሰብስቦ ይወስን፣ ቆይ። ለዚያ ነው ሁልጊዜ ተጋፍቼ የምቀድመው። ያ ሁሉ ሕዝብ በአንድ አፍ ቅደሚ ሲለኝ ሆዴ ባባ። ክንዴ ግን ከሆዴ ፈጠነ።

መቅዘፊያዎቹን ሰደድኩ። ውሃው፣ ወይም ጭቃው፣ ወይም ሰማዩ፣ ብቻ የሆነ ነገር ያዘልኝ። እግር፣ ወገብ፣ ክንድ። መቀመጫው በሐዲዱ ላይ ተንሸራተተ። ነጯ ጀልባ «እንዴ!» አለች። እግር፣ ወገብ፣ ክንድ። ከሥሬ ድምፅ አልነበረም፤ ጅራፍ አየሩን ሲሰነጥቅ ከመጮሁ በፊት ያለችው ዝምታ ብቻ። በነቃሁበት ዓለም እንዲህ ቀዝፌ አላውቅም። አምስቱ ጀልባ ከፊቴ እያነሱ፣ እያነሱ ሄዱ። ቀዘፋ ደግሞ ይሄ ክፋት አለበት፦ ስትመራ የቀደምካቸውን ፊት ለፊት ታያቸዋለህ። ሔልጋ መሀረብ ታውለበልባለች።

አቶ ዘርጋው በጎኔ ብቅ አሉ። በጀርባቸው እየዋኙ ይከተሉኛል። «አቁሚ! ልታሸንፊ ነው!»

«ታዲያ ምን አለበት?»

«ማለቴ ልትሸነፊ ነው!»

«የትኛው ነው?»

«እኔም ጠፍቶኛል! ብቻ አቁሚ! ሪፖርቱን ምን ብዬ ነው የምጽፈው?»

እጄ ሊያቆም ፈለገ። እውነቴን ነው፤ ካቆምኩ አሸናፊ ነኝ። መድረሻው ጥቂት ክንድ ነው የቀረው፤ እዚያው ቁጭ ብዬ ሌሎቹ እስኪያልፉኝ ብጠብቅ ሜዳሊያው የእኔ ነው። ለዚህ አልነበር የመጣሁት? ሦስት ዓመት መዳፌ ውሃ የቋጠረው ለዚህ አልነበር? ደግሞ ቁጭ ብሎ ለማሸነፍ መዳፌ ለምን ውሃ ቋጠረ? እየቀዘፍኩ ማሰብ አልችልም፤ ቆሜ ማሰብ ደግሞ ማሸነፍ ሆነብኝ።

«እማ! ምን ላድርግ?» አልኩ። እናቴን ምክር ስጠይቃት በሕልምም በውንም የመጀመሪያዬ ነው።

እናቴ አሁን የሕፃን ያህል ቀልላለች። አገጯን ትከሻዬ ላይ አሳረፈች። ከዚያ ሳቀች። ስትስቅ ጥርስ የላትም። «ቀዝፊ» አለችኝ። «እኔን አዝለሽ እንዲህ ከቀዘፍሽ፣ ያራገፍሽኝ ለት ማን ይይዝሻል!»

«ካሸነፍኩም ቀዝፌ ነው፣ ከተሸነፍኩም ቀዝፌ ነው!» ብዬ ለአቶ ዘርጋው ጮህኩባቸው። ባለ በሌለ ኃይሌ ሳብኩ። ጀልባዋ ከውሃው ወጣች፣ ወይም ውሃው ከእኛ ወጣ። በጀርባዬ መስመሩን በጠስኩት። ጉማሬው ሁለቱን እጆቹን ራሱ ላይ ጫነ። የመድረሻው ደወል ጮኸ። ጮኸ። አላቆም አለ። «በቃ፣ ደርሻለሁ እኮ!» ብል አይሰማም...

ስልኬ ነው።

ነግቷል። አንሶላው እግሬ ላይ ተጠምጥሟል። «ቡድን መሪ» ይላል ስክሪኑ።

«ትርንጎ!» አሉ አቶ ዘርጋው። ከኋላቸው የሰውና የሻንጣ ጎማ ጫጫታ ይሰማል። «እንኳን ደስ ያለሽ! ቪዛው ወጣ!»

ከአልጋዬ ዘለልኩ። «ወጣ?»

«ወጣ! የእኔ ወጣ፣ የምክትሌ ወጣ፣ የሐኪሙ ወጣ፣ የሕዝብ ግንኙነቱ ወጣ፣ የጸሐፊዋም ወጣ። አሁን አዲስ አበባ ገብተናል።»

በጣቴ ቆጠርኩ። «የእኔስ?»

«ያንቺ...» አሉና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ለማኅበራችን የተፈቀደው ለአምስት ሰው ነው። ስም ዝርዝሩን መቼም እንደ ደንቡ በኃላፊነት ደረጃ ነው አዘጋጅተን የላክነው። አንቺ ስድስተኛ ላይ ዋልሽ።»

አሁንም ያልነቃሁ መሰለኝ። እናቴ ጩኸቴን ሰምታ በሩ ላይ ቆማለች፤ በገዛ እግሯ። ስለዚህ ነቅቻለሁ።

«ጋሽ ዘርጋው፣ ይሄ እኮ የቀዘፋ ውድድር ነው። ማን ሊቀዝፍ ነው?»

«እሱን እዚያ ስንደርስ ቁጭ ብለን እንመክርበታለን።»

«የታዳጊዎች ውድድር ነው!»

«ለዚያ እኮ ነው የምልሽ፤ አንቺ ገና ልጅ ነሽ፣ ምን ያጣድፍሻል? ለከርሞ ትሄጃለሽ።»

«ለከርሞ ታዳጊ አይደለሁም።»

«ጎሽ! ያኔ አዋቂ ትሆኛለሽ፤ አዋቂ ደግሞ አይቸኩልም። ከዚያው ሆነሽ አበረታቺን።»

ልሳደብ አፌን ከፈትኩ። ስድብ ያጣሁበት ቀን ቢኖር ያ ነው። የማውቀው ሁሉ አነሰብኝ።

«ስሚ፣ አንድ ነገር ብቻ» አሉ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «በመክፈቻው ሰልፍ ላይ ከእኛ መሐል ቢያንስ አንዱ ስፖርተኛ መምሰል አለበት ተብሏል። እና እኔ ልሆን ተስማምተናል። የውድድር ልብሱ አንቺ ጋ ነው አይደል? በአሥር ሰዓቱ በረራ ሰው ፈልገሽ ላኪልኝ፤ እኛ የምንነሣው ማታ ነው።»

ምስማሩ ላይ የተሰቀለውን ልብስ አየሁት። ባንዲራውን በእጄ የሰፋሁበት ነው። ወገቡ የእኔን ሁለት መዳፍ ያክላል። የአቶ ዘርጋውን ቦርጭ አሰብኩ፤ አንድ የዘጌ ታንኳ ከነጭነቱ ነው።

«ትርንጎዬ፣ ትሰሚኛለሽ?» አሉ። «ጨርቁ ይለጠጣል?»